ሁለቱ የ«ሙያ» ትርጉሞች
የሴቶች የትምህርት ምርጫና የልማድ ጫና
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአማርኛ ቋንቋ «ሙያ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። ስለ አንድ ወንድ «ሙያው ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አናጢ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሕግ ዐዋቂ የሚል ይሆናል። ስለ አንዲት ሴት «ሙያ አላት» ከተባለ ግን ሰሚው ሁሉ የሚረዳው ወጥዋ የሚጣፍጥ፣ የእንጀራዋ ዐይን ያማረ፣ ጠላዋም የተመሰገነ መሆኑን ነው። «ባለሙያ ሴት» ሲባል የፋብሪካ ሥራ መሪ ወይም የድልድይ ነዳፊ በሐሳቡ የሚመጣበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ ማኅበር የሙያ ማኅበር ነው። እንግዲህ መጠሪያው የሆነው ቃል ለወንድ አንድ፣ ለሴት ሌላ ትርጉም የያዘበትን ምክንያት መመርመር ለቋንቋ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ተግባር አይደለም። አንዲት ተማሪ ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ ዐሥራ አንደኛ ስትሻገር የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ብላ እንድትመርጥ ትጠየቃለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ የትምህርት ክፍሎችን በቅደም ተከተል ትሞላለች። በቅጹ ላይ የምታኖረው ምልክት የራስዋ ነው፤ ማንም እጅዋን ይዞ አላስጻፋትም። በዚህም የተነሣ በምሕንድስና ክፍሎች ውስጥ የሴቶች ቁጥር አንሶ ሲገኝ «ምን ይደረግ? እነርሱ አልመረጡትም» የሚለው መልስ ይቀርባል፤ ጉዳዩም በዚሁ ያበቃል።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። በቅጹ ላይ የሚታየው ምርጫ የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻው እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት ልማድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየደመረና እየቀነሰ ስሌቱን አጠናቆታል። አንድ ምሰሶ ሲሰነጠቅ መሐንዲስ ምሰሶውን ብቻ ተመልክቶ አይመለስም፤ ጭነቱ ከየት ተነሥቶ በየትኛው አግዳሚ በኩል እንደ ወረደ ይከታተላል። የሴቶችም የትምህርት ምርጫ በዚሁ ዐይነት መመርመር ይገባዋል።

የችሎታ ጥያቄ

በቅድሚያ መልስ የሚሻው፣ ሴቶች ለቴክኒክ ሥራ የተፈጥሮ ዝንባሌ የላቸውም የሚለው አስተያየት ነው። ይህን አስተያየት ለመመዘን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ወደ ጓዳ ጎራ ማለት ይበቃል። ሊጥ ከተቦካ በኋላ ከላዩ ያቀረረው ውኃ ይቀነሳል፤ ከሊጡም ጥቂቱ ተወስዶ በፈላ ውኃ ከበሰለ በኋላ ተመልሶ ከዋናው ሊጥ ጋር ይዋሐዳል። ይህም አብሲት ይባላል። በኬሚካል ምሕንድስና አነጋገር ይህ ተግባር የስታርችን ጠባይ በሙቀት ለውጦ የሊጡን ውፍረትና ጋዝ የመያዝ ኀይል መቆጣጠር ነው። ጋጋሪዋ እርሾው ምን ያህል እንደሚበቃ፣ የአየሩ ጠባይ ሲለዋወጥ ሊጡ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ምጣዱ በሚገባ መጋሉንና አለመጋሉን ያለ አንዳች መለኪያ ታውቃለች። ይህን ዕውቀት ያገኘችው በመመልከት፣ በመሞከርና ስሕተትን በማረም ነው፤ ይኸውም ማንኛውም የተግባር ሳይንስ የሚገኝበት መንገድ ነው።

የሸክላ ሥራም እንዲሁ ነው። በአያሌ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የሚስማማውን አፈር ለይቶ ማወቅ፣ ከምን ጋር እንደሚደባለቅ መወሰን፣ ሳይሰነጠቅ ማድረቅና በተመጠነ እሳት መተኮስ ዛሬ የቁሳቁስ ምሕንድስና ከሚባለው ዕውቀት ጋር ዝምድና አለው። መሶብ የምትሰፋ ሴት ደግሞ በወረቀት ላይ አንድ መሥመር ሳታሰምር ክቡን በእኩል ክፍል ከፋፍላ፣ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ የስፌቱን ቁጥር እያሰላች፣ ሐረጉ መነሻው ላይ በትክክል እንዲገጥም ታደርጋለች።

የሥራው ክፍፍል ከተፈጥሮ የመጣ አለመሆኑን የሽመና ታሪክ ያስረዳል። በኢትዮጵያ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በናይጄሪያ በዮሩባ ሕዝብ ዘንድ ግን በቋሚ መሸመኛ የሚሸምኑት ሴቶች ናቸው፤ በሰሜን አሜሪካ በናቫሆ ሕዝብ መካከልም ሽመና በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነው። መሸመኛው በሁሉም ዘንድ ክር የሚወጠርበትና የሚጠላለፍበት መሣሪያ ነው፤ የሰው እጅም ያው እጅ ነው። ልዩነቱ ያለው ኅብረተሰቡ መሣሪያውን ለማን እንዳስረከበ ነው።

ባትሪ የያዘው ልጅ

ልማድ ሥራውን የሚሠራው በክልከላ ብቻ ቢሆን ኖሮ እርሱን መቃወም ቀላል በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ አብዛኛው የሚፈጸመው በዝምታ ነው። አንድ ምሳሌ እነሆ። በአንድ ቤት ማታ መብራት ይጠፋል። አባትየው ፊውዙን ሊያይ ይነሣና «ና፣ ባትሪ ያዝልኝ» ብሎ ወንድ ልጁን ይጠራል። ሴቷ ልጅ ሻማ ለኩሳ ወደ ጓዳ ትመለሳለች፤ እራት መቅረብ አለበትና። በዚያች ሌሊት ማንም የከለከላት የለም፤ «ኤሌክትሪክ ለሴት አይሆንም» ያላትም አልነበረም። ነገር ግን ባትሪ የያዘ ሰው የሚሠራውን ያያል። ሽቦው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ፣ የተቃጠለው ፊውዝ ምን እንደሚመስል፣ አባቱ በመጀመሪያ ምን እንዳጠፋና በመጨረሻ ምን እንዳበራ ልብ ይላል። እንዲህ ያለው ምሽት በልጅነት ዘመን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ልጆች በፊዚክስ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። መምህሩ ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ሲያስተምር ልጁ ቀድሞ እጁን ያወጣል። ልጅቷ ትምህርቱን ከመጽሐፍ ብቻ ስለምታውቀው ታመነታለች። መምህሩም፣ ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው፣ አንዱ ተሰጥኦ እንዳለው ሌላዋ እንደሌላት አድርጎ ይመዘግባል። ልምድ ከተሰጥኦ ጋር የሚምታታው በዚህ ጊዜ ነው። ልጅቷ ራስዋም የመምህሩን ፍርድ ተቀብላ «ፊዚክስ አይሆነኝም» ትላለች፤ ቅጹን የምትሞላውም ይህን ከተቀበለች በኋላ ነው።

ከዝምታው ጎን የቃላት ቅጣት አለ። ዛፍ የምትወጣና ዕቃ የምትፈታ ልጅ «ወንዳወንድ» ትባላለች፤ ከእናቱ ጋር ጓዳ የሚውል ልጅም «ሴታሴት» ይባላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ምስጋናው ነው። ሴት ልጅ ከባድ ሥራ ሠርታ ስትገኝ «ወንዳታ!» ተብላ ትመሰገናለች። ምስጋናው ከልብ የመጣ ቢሆንም፣ ሴት ሆና መሥራት እንደማትችል፣ የሠራችው ለጊዜው ከሴትነት ወጥታ እንደሆነ ይነግራታል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በግልጽ የሚናገረውን፣ ይህ ምስጋና በፈገግታ ይናገረዋል።

ወላጆችም የራሳቸው ሥጋት አላቸው፤ ይህም በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ልጃቸው አምስት ዓመት ምሕንድስና ተምራ፣ ከዚያም ከከተማ ርቃ በመንገድ ሥራ ካምፕ ስትኖር ክብርዋና ደኅንነትዋ እንዴት እንደሚጠበቅ ያስባሉ፤ «ቆማ እንዳትቀር» ብለውም ይጨነቃሉ። በነርስነት፣ በመምህርነት ወይም በሒሳብ ሥራ ብትሰማራ ወደ ቤት በጊዜ እንደምትመለስ ያምናሉ። እነዚህ ሙያዎች የተከበሩና አስፈላጊ ናቸው፤ ችግሩ ልጅቷ ወደ እነርሱ የምትሄደው ወድዳቸው ሳይሆን ሌላው መንገድ አስፈሪ ተደርጎ ስለ ተሣለባት ሲሆን ነው።

የጊዜ ስሌት

ልማድ ከሐሳብ ሌላ ጊዜንም ይወስዳል። ይህ ለመሐንዲሶች ጉባኤ የሚስማማ ርዕስ ነው፤ ጊዜ ሊሰላ ይችላልና። ከ2008 እስከ 2012 ዓ. ም. በነበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የመጠጥ ውኃ የተያዘው መለኪያ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር የሚል ነበር። መለኪያው ሙሉ በሙሉ ተሟልቷል ተብሎ ይታሰብ። አምስት ሰዎች የሚኖሩበትና ከውኃው ቦታ አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቤት በቀን 125 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህም አምስት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ነው። አንዱ ምልልስ ሁለት ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር በመራመድ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። አምስቱ ምልልስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ወረፋውና ዳገቱ አልተቆጠረም።

በትምህርት ዓመት ውስጥ 200 የትምህርት ቀናት አሉ ቢባል፣ ውኃው በእነዚህ ቀናት ብቻ 500 ሰዓት ይወስዳል። በአንጻሩ፣ በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ የሆነ የሒሳብ ትምህርት በ40 ሳምንት የሚሰጠው 133 ሰዓት ያህል ነው። እናትየው ግማሹን ብትሸከምላት እንኳ ለልጅቷ የሚቀርላት 250 ሰዓት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ የሒሳብ ትምህርት ጊዜ ነው። እንጨት ለቀማው፣ ወፍጮ ቤቱና ታናናሾችን መጠበቁ ገና አልተደመሩም። ወንድምዋም እረኝነትና እርሻ አለበት፤ እርሱም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም። ይሁን እንጂ ፀሐይ ከገባች በኋላ የእርሱ ሥራ ያልቃል፤ የእርስዋ ግን በዚያን ጊዜ እንደገና ይጀምራል። የሒሳብ ትምህርት ደግሞ ደረጃ በደረጃ የሚቆም ሕንፃ ነው። ታሪክን ወይም ቋንቋን ዘግይቶ ማካካስ ይቻል ይሆናል፤ በሰባተኛ ክፍል ያመለጠ ክፍልፋይ ግን በዘጠነኛ ክፍል አልጀብራ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የጊዜ እጥረት ከትምህርቶች ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ሒሳብንና ፊዚክስን ነው።

ሕግ ራሱ ለረጅም ዘመን በዚሁ ስሌት ውስጥ ነበረ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ የወሰነው ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ነበር። በሁለቱ መካከል ያሉት ሦስት ዓመታት ተራ ዓመታት አልነበሩም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዘመን ናቸው። ጂኦሜትሪ፣ ትሪጎኖሜትሪና ፊዚክስ የሚጠነክሩት በእነዚያ ዓመታት ነው። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አድርጎታል። ሕጉ በመታረሙ እነዚያ ሦስት ዓመታት ለሴት ልጅ በጽሑፍ ተመልሰውላታል፤ በተግባር እንዲመለሱላት ማድረግ ግን ገና ሥራ ይጠይቃል።

ትምህርት ቤቱም ከልማድ ነፃ አልነበረም። እ. ኤ. አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ትምህርት በር የከፈተ ታላቅ ተቋም ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በተስፋፉት ትምህርት ቤቶች ለዓመታት የተለመደው፣ ወንዶቹ የእጅ ጥበብ ሲማሩ ሴቶቹ የቤት ባልትና እንዲማሩ ነበር። መጋዝና መዶሻ ለአንደኛው፣ መርፌና ድስት ለሌላዋ ተሰጠ። ጓዳው ወደ ክፍል ተዛወረ ማለት ነው።

ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ በቴክኖሎጂ ቀድመው በሄዱት አገሮችም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ሁሉ የሚያውቁት፣ የሦስት ፌዝ ሥርዓትን አልፋ፣ ቤታና ዜሮ ወደሚባሉ ክፍሎች የሚለውጠው ስሌት የክላርክ ለውጥ ይባላል። ኢዲት ክላርክ ሴት እንደ ነበረች የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ክላርክ ሒሳብና የሥነ ፈለክ ትምህርት ካጠናች በኋላ በአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ውስጥ ለመሐንዲሶች ስሌት በመሥራት አገልግላለች። እ. ኤ. አ. በ1919 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዲግሪውን ይዛ ግን በመሐንዲስነት የሚቀጥራት አላገኘችም፤ የተሰጣት ሥራ የሌሎች ስሌት ሠራተኞች አለቃ መሆን ነበር። በ1921 ሥራውን ትታ ፊዚክስ ለማስተማር ወደ ቱርክ ሄደች። በመሐንዲስነት የተቀጠረችው በ1922 ስትመለስ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስሌቱ ራሱ «የሴት ሥራ» ተብሎ ለሴቶች ሲሰጥ፣ በስሌቱ ላይ ተመሥርቶ መወሰን ግን «የወንድ ሥራ» ተብሎ መቆየቱ ነው።

የኮምፒዩተር ታሪክ ይህንኑ በስፋት ያሳያል። እ. ኤ. አ. በ1946 ለሕዝብ የታየውን ኤኒያክ የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ ኮምፒዩተር የፕሮግራም ሥራ ያከናወኑት ስድስት ሴቶች ነበሩ። በዚያ ዘመን መሣሪያውን መሥራት የወንድ፣ ፕሮግራም ማዘጋጀት ደግሞ እንደ ጸሐፊነት ያለ የሴት ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። በዩናይትድ ስቴትስ በኮምፒዩተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚቀበሉት መካከል የሴቶች ድርሻ በ1984 ከመቶ 37 ደረሰ። ከዚያ በኋላ ወደ ታች ሄዶ በ2010 አካባቢ ከመቶ 18 ገደማ ሆነ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የሴት አእምሮ አልተለወጠም። የተለወጠው ነገር፣ ኮምፒዩተር ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ የወንድ ልጅ መጫወቻ ተደርጎ መተዋወቁና በወንድ ልጅ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ነው። ባትሪ የሚይዘው ልጅ በዚያም አገር ወንዱ ነበር።

ይህ ሊታረም እንደሚችል የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ልምድ ያስረዳል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ በ1995 በኮምፒዩተር ሳይንስ ከገቡት አዲስ ተማሪዎች ሴቶቹ ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ፤ በ2000 ከመቶ 42 ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ፕሮግራም የሠሩትን ብቻ የሚያስቀድመውን አቀባበል ለወጠ፤ ለጀማሪዎችም በልምዳቸው መጠን የተለያየ መግቢያ አዘጋጀ። በሌላ አነጋገር፣ ልምድን ከተሰጥኦ ለየ።

በዩኔስኮ የ2021 የሳይንስ ሪፖርት መሠረት በዓለም ከምሕንድስና ተመራቂዎች መካከል ሴቶች ከመቶ 28 ሲሆኑ በአልጄሪያ ግን ወደ ግማሽ ይጠጋሉ። አልጄሪያ በሴቶች ላይ የልማድ ጫና የሌለባት አገር ስለሆነች አይደለም። በዚያ ምሕንድስና ለሴት ልጅ የተገባ፣ ቤተሰብንም የሚያኮራ ሙያ ተደርጎ ስለሚታይ ነው። እንግዲህ ልማድ ተራራ አይደለም፤ አንድ ጎኑ ሳይነካ ሌላ ጎኑ ሊነሣ ይችላል።

በር ከተከፈተ በኋላ

ኢትዮጵያም በሕግና በመመሪያ ብዙ ተጉዛለች። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ካለፈው በደል የመነጨውን ልዩነት ለማረም የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ ደንግጓል። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ለሴት ተማሪዎች የተደረገው የነጥብ ድጋፍ ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ነው። በ2000ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው፣ ከመቶ 70ውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይመድብ የነበረው አሠራርም አያሌ ሴቶችን ወደ ምሕንድስና ክፍሎች አስገብቷል።

ይሁን እንጂ በር መክፈት ብቻውን አይበቃም። በነጥብ ድጋፍ የገባች ተማሪ «በችሎታዋ አይደለም የገባችው» የሚለውን ሹክሹክታ በየቀኑ ትሰማለች፤ ያለ ድጋፍ በራስዋ ነጥብ የገባችውም በዚያው ሹክሹክታ ትለካለች። በቤተ ሙከራ ውስጥ ለቡድን ሥራ ሲከፈሉ ወንዶቹ መሣሪያውን ይይዛሉ፤ እርስዋ ጽሑፍዋ ያማረ ስለሆነ መዝገቡ ይሰጣታል። ከጓዳ እስከ ቤተ ሙከራ የተከተላት ያው ክፍፍል ነው። የተግባር ልምምድ ሲደርስ አሠሪው «ሜዳው ይከብድሻል» ብሎ ቢሮ ያስቀምጣታል፤ ለርኅራኄ የተደረገ ቢሆንም የሜዳ ልምድ ሳታገኝ ትመረቃለች። ከዚያም ለሥራ ስትወዳደር «የሜዳ ልምድ የላትም» ተብላ ትቀራለች። በግንባታ ሥፍራ ሠራተኛው ወደ እርስዋ ቀርቦ «እህቴ፣ ኢንጂነሩ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ።

«ሰገነት ቀለሙን የመሰሉ ሴቶች አልፈውት የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ዶክተር ሰገነት በጎጃም ፍኖተ ሰላም ተወልዳ፣ በአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተምራ፣ በእጽዋት በሽታ ምርምር በዓለም የታወቀች፣ እ. ኤ. አ. ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የመራች ሳይንቲስት ናት። እንዲህ ያሉት ሴቶች ሊመሰገኑና ለልጆች ሊነገሩ ይገባል። ነገር ግን አንድ ብርቱ ሰው ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ ማለት ድልድይ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

ከማኅበሩ የሚጠበቅ ተግባር

ጉዳዩ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን የሙያው የራሱ ጥቅምም ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎዋት ይስባል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ከባዱ ጭነት እርሱ ነው። በ1980ዎቹ ዓ. ም. የተነደፈው ምርጥ ምጣድ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያድናል፤ ያዳነው እንጨት ደግሞ የተለቀመ ጊዜ ነው። የውኃ ቦኖ ከፍታ፣ የእጅ ፓምፕ ክብደት፣ የወጥ ቤት የጢስ መውጫ፣ የመንገድ ዳር መብራት፣ እነዚህን ሁሉ በየቀኑ የምትጠቀምባቸው ሴት ናት። ችግሩን የሚያውቀው ሰው ከንድፍ ጠረጴዛው ርቆ ሲቀመጥ ንድፉ ጉድለት ይኖረዋል። በእንዲህ ያለው ንድፍ የሚጎዳው ተጠቃሚው ብቻ አይደለም፤ መሐንዲሱም ጥሩ ሥራ ሳይሠራ ይቀራል።

ስለዚህ ከአባላቱ የሚከተሉት ይጠበቃሉ።

አንደኛ፣ የውኃና የመንገድ ሥራ የሚነድፍ መሐንዲስ ርቀትን በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን ሴት ልጅ በምታጠፋው ሰዓት ጭምር ይለካ። የቦኖ ቦታ በካርታ ላይ ጥቂት ሲጠጋ አንዲት ተማሪ በዓመት ብዙ የጥናት ሰዓት ታተርፋለች። የትምህርት ቤት ንድፍ የሚያወጣም፣ በር፣ መቀርቀሪያና ውኃ ያለው የሴቶች መጸዳጃ በመጨረሻ የሚጨመር ጌጥ እንዳልሆነ ይገንዘብ። ይህ በሌለበት ልጃገረዶች በወር አበባ ቀናት ከክፍል ይቀራሉ፤ የሒሳብ ትምህርትም አይጠብቃቸውም።

ሁለተኛ፣ አባላት ወደ ትምህርት ቤቶች ሄደው ስለ ሙያው ሲናገሩ ከዐሥራ አንደኛው ክፍል በፊት፣ ከስድስተኛና ከሰባተኛ ክፍል ይጀምሩ። ንግግሩም ከግድቡና ከሰማይ ጠቀሱ ሕንፃ ብቻ ሳይሆን ከእርሾው፣ ከምጣዱና ከመሶቡ ይነሣ፤ ልጅቷ ምሕንድስና በቤትዋ ውስጥ እንደ ነበረ ትወቅ።

ሦስተኛ፣ የግንባታና የፋብሪካ ኀላፊ የሆነ ሁሉ ለልምምድ የምትመጣውን ተማሪ ወደ ሜዳ ያውጣ። ማደሪያዋና መጸዳጃዋ የተጠበቀ፣ የደኅንነት ጫማዋና የራስ ቁርዋ በልክዋ የሆነ ይሁን። ክብርዋን የሚነካ ሠራተኛ ቢገኝም ጉዳዩ በቸልታ አይታለፍ። ወላጅ የሚሠጋው በከንቱ አይደለም፤ ሥጋቱ የሚጠፋው በምክር ሳይሆን በአሠራር ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ወጪ የሌለበት ነው። ከአባላቱ መካከል ብዙዎቹ አባቶች ናቸው። ዛሬ ማታ በቤታቸው መብራት ቢጠፋ ባትሪውን እንድትይዝ ሴት ልጃቸውን ይጥሩ፤ ወንድ ልጃቸው እራቱን ያቅርብ። ፊውዙን ራስዋ ብትቀይረው ደግሞ «ወንዳታ» አይበሏት፤ «ጎበዝ» ይበሏት። በዚህ አንድ ምሽት ልጅቷ መሐንዲስ ትሆናለች ማለት አይደለም። ሕግ ለመማር፣ ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት፣ ነርስ ወይም መምህርት ለመሆን ልትወስን ትችላለች፤ መብትዋ ነው። ቅጹ ፊትዋ ሲቀርብ ግን ከሁለት ከምታውቃቸው ነገሮች አንዱን ትመርጣለች እንጂ ከማታውቀው ሸሽታ ወደምታውቀው አትገባም። ምርጫ የሚባለውም ይኸው ነው።

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። በልብ ያለ ሙያ የወንድ ወይም የሴት ተብሎ አይከፈልም። ለወደፊቱ በዚህ ጉባኤ ላይ «ባለሙያ ሴት» ሲባል ሰሚው ቆም ብሎ «በምን ሙያ?» ብሎ ለመጠየቅ ቢገደድ፣ ቃሉ ወደ አንድ ትርጉም መመለስ ጀምሯል ማለት ነው።